እጀታ የሌለው ምድጃ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጽሔቱ አዘጋጅ ደውሎ አጭር ልብ ወለዴን እንደሚያወጣው ነገረኝ። ስንቴ መልሶብኛል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «የሴትየዋ ንግግር ግን ከየት መጣልሽ?» አለኝ። ስቄ አለፍኩት።

የመጣው ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘነበች ለቅሶ ነው። የሞቱት ባለቤታቸው ምን አለሽ ተራ ከቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠሩ ነበር። እትዬ ድንኳኑ ውስጥ ለመጣው ሰው ሁሉ አሟሟታቸውን እንደ አዲስ ሲያወሩ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። «ለአገሩ ሁሉ ምድጃ ሠርቶ የኛው እጀታ የለውም። ዛሬ ነገ ሲለኝ ሄደ። ይኸው በጨርቅ ይዤ ነው የማነሳው» ሲሉ፣ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁና አጥሩ ጥግ ቆሜ ቃል በቃል ስልኬ ላይ ጻፍኩት። በማግስቱም ሄድኩ፤ በሠልስቱም። እሳቸው ለአዲስ ለቀስተኛ በደገሙት ቁጥር እኔ ያመለጠኝን እለቅማለሁ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ላይ አገኙኝ። ጥቁራቸውን እንደለበሱ ናቸው። እጄን ያዙና «ሰው ሁሉ ደርሶ ደርሶ ሲሄድ አንቺ ብቻ አልተለየሽኝም። የወለድኩሽ ብትሆኚ ከዚህ በላይ አታደርጊም» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። አንገቴን ደፋሁ። ልንገራቸው ብዬ አፌን ስከፍት፣ «ለአርባው ትመጫለሽ አይደል?» አሉኝ።

አዘጋጁ የልብ ወለዱ መጨረሻ ሳስቷል፣ አስተካክለሽ ላኪልኝ ብሎኛል።

እመጣለሁ አልኳቸው።