ሁለት የነበረችውን ኮምፒውተር አንድ ስላደረጉልን

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። የእንግዶቹ ጉብኝት ካደረሰብዎ ድካም አገግመው፣ እንቅልፍዎ ተመልሶ፣ የምግብ ፍላጎትዎም ተከፍቶ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎ፣ በመስኮቱ ጥግ ያለችውን አሮጌ ኮምፒውተር ለሁለት የከፈለችው ልጅ ታናሽ ወንድም፣ አለሁ። ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የለጠፍኩት፣ በቢሮዎ በር ሥር ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ምናልባት ከምንጣፉ ሥር ገብተው ይሆናል ብዬ እንጂ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው አንብቦ ዝም ይላል ብዬ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። እህቴ ባለፈው ዓመት፣ በእርስዎ ፈቃድና በእርስዎ አስተማሪነት፣ ዊንዶውስ ሲከፈት እንደ አስም በሽተኛ በምታቃስተው በዚያች ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ከጎኑ ጫነችባት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሯ በተከፈተች ቁጥር ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር አውጥታ የትኛውን እንደምንፈልግ ትጠይቀን ነበር። አንደኛውን መስመር እህቴ «የትምህርት ቤቱ»፣ ሁለተኛውን «የእኛ» ብላ ሰይማዋለች። «የእኛ» ውስጥ፣ ታመው ወይም ሥራ ይዟቸው ከክፍል ለሚቀሩ ልጆች ባዮሎጂ እያነበበች የቀዳችው ድምጿ ነበር። መሃል ላይ ደግሞ «አንተ ዝሆን፣ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው እንጂ! እንደገና ልታስጀምረኝ ነው?» ትላለች፤ ዝሆኑ እኔ ነኝ። ከዚያ ትስቃለች፤ ሳቋንም ቆርጣ አላወጣችውም። ስልኳ በታመመችበት ሰሞን ተሰርቋልና ድምጿ የሚገኝበት ሌላ ቦታ አልነበረንም። እሷን ከቀበርናት ሁለት ወር ሆኗል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ቤታችን ለቅሶ በደረሱ ጊዜ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እናቴን «እትዬ፣ ያቺ ኮምፒውተር የእኔ አደራ ናት፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም» ስላሏት አመሰግናለሁ። ቃልዎንም ጠብቀዋል። ማንም አልነካትም፤ የነኳት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፦ ድምጿን ልገለብጥ ፍላሽ ይዤ በመጣሁ ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ፍላሽ ቫይረስ ያመጣብናል፣ ጎረምሳው። ከፈተና በኋላ እኔ ራሴ ገልብጬ እሰጥሃለሁ። ምን አስቸኮለህ? እህትህ እኮ ለእኔም እህቴ ነበረች» ብለው በአክብሮት ስለመለሱኝ አመሰግናለሁ። እኔም አመንኩ። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ቲቸር ሊሰጡን ነው» አልኳት። ጥንቃቄዎ ሠርቷል፤ ወደ ኮምፒውተሯ ቫይረስ አልገባም።

ሦስተኛ፦ ከትምህርት ቢሮ የሚመጡት እንግዶች ፊት ጥያቄ የምትጠይቅ ኮምፒውተር ታሳፍራለች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይኑራቸው ብለው «የእኛ» የሚለውን ክፍል ከነውስጡ ስላጠፉት አመሰግናለሁ። ይህን ያደረገው የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ «አላወቀም» ብዬ እንባዬን ጠርጌ እተወው ነበር። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ አዳምጠው «ጎበዝ፣ ትንሽ ፈጠን አልሽ እንጂ» ያሏት እርስዎ ነበሩ፤ እሷም በዚያች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስትኮራብን ከርማለች።

አራተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ትንሽ ከብዶኛል። ልጠይቅዎ ስመጣ ዓይንዎን ከስክሪኑ ሳያነሱ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ለነገሩ የቆየ ፋይል ነው» ብለውኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

የተከበሩ ቲቸር፣ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው ድራሹ እንደማይጠፋ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ እንደሚቆይ፣ ስለዚህ የተሳሳተ ሰው ኮምፒውተሩን ቶሎ አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት እንዳለበት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ትምህርቱ በጣም ግልጽ ነበር። ያቺ ኮምፒውተር ግን ጠዋት ተከፍታ የምትዘጋው ማታ ነው። እህቴ በነበረችበት ቦታ ላይ የእንግዶቹ አቀባበል ቪዲዮ እየተጫነበት እንደሆነ በመስኮት በኩል አይቻለሁ። የክብር እንግዳው ንግግር ረጅም ነው አሉ። እሳቸው እየተናገሩ በሄዱ ቁጥር የእህቴ ምዕራፎች አንድ በአንድ እየተደፈኑ ነው፤ ስለ ልብ አሠራር ያነበበችው እስካሁን በጭብጨባ ሥር ሳይቀር አልቀረም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ኮምፒውተሯን ዛሬውኑ ያጥፏት። ቪዲዮውን ሌላ ቦታ ይጫኑት። ዲስኩን ፈተው ይስጡኝ። የተሰረዘ የሚመልስ ባለሙያ አግኝቻለሁ፤ «እሞክራለሁ» ነው ያለኝ። ቃል አልገባልኝም፤ ስለዚህም አመንኩት።

መልካም ጤንነትን፣ ብዙ እንግዶችንና የማያቋርጥ ጭብጨባን ከልብ እየተመኘሁ፣ ያስተማሩኝን አንዱንም ያልረሳሁ፣

ታዛዥ ተማሪዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እናቴ እስካሁን የምታውቀው ነገር የለም። ፈተናው በማለቁ ትናንት ከጎረቤት ስፒከር ተውሳ መጥታ «ቲቸርህ መቼ ነው የሚያመጡልን?» አለችኝ። እርስዎ ቤታችንን ያውቁታል፤ ብቅ ይበሉና ይንገሯት። ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ ሰክታ እየጠበቀችዎ ነው።