የታጠበው ኮረብታ

መስከረም 3፣ ከጠዋቱ 3፡00

ፍሬም እየቆረጥኩ ነው፣ ማስታወሻዬ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሁለት ሳምንት አልቀረውም፤ የሶዶ ሰው ግድግዳ እንዳለው ትዝ የሚለው አሁን ነው። የሠርግ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ ደግሞ የሠርግ። በመሃል ሲ/ር አስቴር መጡ፤ ኦቶና ሆስፒታል በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡት። በጋዜጣ የተጠቀለለ የታተመ ሥዕል ይዘዋል። ሐይቅ፣ ኮረብታ፣ ሁለት ፍየሎች። አብራቸው የሠራች የውጭ አገር ሐኪም ስትሄድ ሰጠቻቸው። ሁለት መቶ ዓመት ይሆነዋል ብላቸው ነበር። ሐኪሟ ሞታለች፤ ሌላ ማስታወሻ የላቸውም። ለበዓሉ ፍሬም ገብቶ ይሰቀልልኝ አሉ።

ያው ቀን፣ 9፡00

በማጉያ አየሁት። ሰማዩ መስመር የለውም። ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ የሚመስል። በምን ሠሩት? ምሳ ረሳሁ።

መስከረም 4

ጉድ ሠራሁ። ፎቶ እንደምጠርገው በእርጥብ ጥጥ ጠረግኩት። ጥጡ አረንጓዴ ሆነ። ኮረብታው ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ነጣ። ምነው እጄን በቆረጠው። ግን እይ፣ ነጠብጣቦቹ አልተነኩም፤ የሄደው ቀለሙ ብቻ ነው። ታዲያ ይሄ ሥዕል በስንት ዙር ተሠራ?

መስከረም 6

መ/ር ዮናስ ጋ ወሰድኩት፤ ሥዕል ያስተምራል። አስረዳኝ። የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሙጫ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ይሞቃል፣ አሲድ በዱቄቱ መሃል መሃል መዳቡን ይበላዋል፣ ከዚያ የተበላው ቦታ በማተሚያ ቀለም ተሞልቶ ይታተማል። አረንጓዴውን ሰማያዊውን ግን ሰው ነው በብሩሽ የሚቀባው፣ እያንዳንዱን ወረቀት ለብቻው። ለካ የአንዷ ፍየል ቀንድ ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው። ቀቢው ቸኩሏል። ወደድኩት።

ዮናስ፦ «አንቺም ቅቢው በቃ። ማን ያውቃል?»

መስከረም 8፣ ማታ 12፡30

ቁራጭ ወረቀት ላይ አረንጓዴ ስበጠብጥ ዋልኩ። ሦስተኛው ገጠመ፤ እኔም መለየት አቃተኝ። ብሩሹን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እሺ። ደብቄ ብቀባው ግን ሲስተር የወዳጄን ስጦታ እያየሁ ነው ብለው የኔን ቅብ ሊያዩ ነው። ከበደኝ።

ለሲስተር ደወልኩ። ነገር አለ፣ ነገ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ መስታወቱ ተሰበረ?»

መስታወት በሆነ። ነጩን ቦታ አሳያቸዋለሁ። ቅቢው ካሉ እዚያው እያዩኝ እቀባለሁ። ተይው ካሉ እንደነጣ ይሰቀላል። ቁጣቸውን እችላለሁ። ሳያውቁ ቢመርቁኝ ግን ምርቃቱን አልችለውም።