ማሽኑ ፍላጻ እንዳይነካ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ባስልኤል፤ ካለህበት ሻርጃ።

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ጤናህስ? ወገብህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ብረት ስታነሳ ይይዝሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እማማ ከስተህ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላኛለች፤ በቪዲዮ ፊትህን ብቻ ስለምታሳያት አታምንህም። እኛ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳላልፈው ግን ደህና አይደለንም፤ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ብለህ እንዳትቆጣ። አንተ ስትደውል አባባ ድምፁን ከፍቶ አጠገባችን ነው የሚቀመጠው፤ አንዲት ቃል አታመልጠውም። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ ያልንህም እሱ እያፈጠጠብን ነው። ውሸት ነው። አባባን ከርከሮ ነው የዘነጠለው። የጎረቤታችን ልጅ ሐፍሳ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ ይህን በእጇ ሰደድኩልህ። አንብበህ ቅደደው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ለፋሲካ ከላክህልን የስለት ማሽን፣ ከግራይንደሩ ልጀምር። አባባ እንዴት እንደተደሰተበት አልነግርህም። መብራት በመጣ ቁጥር ግቢያችን ሰርግ ቤት ሆነ። የመንደሩን ገጀራና መጥረቢያ ሁሉ እየሰበሰበ ይስላል፤ ለመጣው ሁሉ «ልጄ ነው የላከው» ይላል፤ ያልመጣውንም ጠርቶ ያሳያል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ጉዱ የመጣው ወደ ፍላጻዎቹ ሲዞር ነው። እንዴት እንዳስተማረን ታስታውሳለህ። በሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፉ ቅርጹን ማስያዝ፣ ከዚያ በወንዝ ድንጋይ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ቀስ ብሎ ሁለቱንም ጎን እኩል መሳል። ሲያበቃ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ማሳረፍ፤ ካዳለጠ ወደ ድንጋዩ፣ ጥፍሩን ከያዘ አለቀ። ድንጋዩ ሲደርቅብን እጃችንን በአርጩሜ የሚለን ማን ነበር? «ብረቱ ከጋለብህ ገድለኸዋል» የሚለውስ? ያው ሰውዬ ነው ዘንድሮ የፍላጻውን ብረት ሁሉ ከእንጨቱ ነቅሎ ማሽኑ ላይ የደገነው። እሳቱ ሲረጭ፣ ያ ስስ ጠርዝ ሰማያዊ ሲሆን ዓይኔ አየ። አንተ የብረት ሰው ነህ፣ ቀጥቃጩ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያጠነከረው ብረት እሳት ሲመለስበት መልሶ እንደሚለሰልስ ላንተ አይነገርም። አባባ ብረቱ እኮ ጋለ ብለው፣ ልጄ የላከልኝን ከወንዝ ድንጋይ ታሳንሺዋለሽ ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ጥፍር ላይ ደግሞ ያዘ! ሲታይ ምላጭ ነው።

በሰኔ ከርከሮው በቆሎውን ለመደ። ጎደሬውንም እየገለበጠ ግማሹን ጨረሰው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ አባባ፣ እኔና ጎረቤታችን ሳህሉ ውሻችንን ጃሎን አስከትለን ወጣን። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቀስት የምይዘው እኔ ነኝ፤ የሚስቅ ይሳቅ። ውሻው ከቡናው ሥር ቀሰቀሰው። ከርከሮው ጎኑን ሰጥቶት እንዳለ አባባ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ልክ በቦታው መታው። እስከ ላባው መግባት ነበረበት። ብረቱ የጎድን አጥንቱን ሲነካ እንደ እርጥብ ቅጠል ታጠፈ፤ ፍላጻው ቆዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከዚያ ከርከሮው ዞረ። ጃሎ ዘሎ ቢይዘው በክራንቻው ሆዱን ከፈተው፤ ምስኪን፣ አንጀቱን እየጎተተ እንኳ ይጮህበት ነበር። ሳህሉ ጦሩን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። አባባ ሁለተኛ ፍላጻ ሳይደግን ደረሰበትና ጭኑን ከጉልበቱ በላይ እስከ ብሽሽቱ ቀደደው። መጀመሪያ ሥጋው ነጭ ሆኖ ታየኝ፤ ደሙ ኋላ ነው የመጣው። ወድቆም አልተወውም፤ እየተመለሰ ይወጋዋል። እኔ ግትር ስለሆንኩ የራሴን ፍላጻ በድንጋይ ነበር የሳልኩት። አንገቱ ላይ ለቀቅኩበት፣ ገባ። አልወደቀም። ገጀራዬን መዝዤ ማጅራቱን አልኩት፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ደግሜ አልኩት። ከሞተ በኋላም መታሁት። አባባ «በቃ ልጄ፣ ሞቷል» እስኪለኝ ክንዴ አልቆመም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እስካሁን እጄን ሳየው እፈራዋለሁ።

የአባባን ጭን በነጠላዬ አስሬ ጮህኩ፤ መንደርተኛው ደርሶልን በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ ሚዛን ሆስፒታል ወስደነው ተሰፋለት። ብዙ ደም ፈሶት ስለነበር አይተርፍም ብለን ነበር። ተረፈ። አሁን በዱላ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም።

የታጠፈውን ብረት ከከርከሮው ቆዳ ነቅዬ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና እጄ ነው ያረጀው አለ። ማሽኑን አላነሳም። ላንተም እንዳንነግርህ አስማለን። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ምን አገኘሁ? ያን እግሩን ዘርግቶ የቀሩትን ፍላጻዎች በግራይንደር ይስላል። ጮህኩበት፣ ሶኬቱን ነቀልኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ አነሳብኝ፤ አልመታኝም፣ መልሶ አወረደው።

«ከልጄ እጅ የመጣ ነገር ክፉ አይሠራም» አለኝ።

ምን ልበለው? በቆሎው ሊደርስ ነው፤ ሌላ ከርከሮም ዱካው ታይቷል። እሱ ደግሞ በዱላም ቢሆን እወጣለሁ ብሏል፤ አባባ ካለ አለ ነው። በነዚያ በሰማያዊ ብረቶች ከወጣ፣ ጋሼ፣ የምትመጣው ለለቅሶ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል። በዚህ ሳምንት ደውልለት። ትሕትና ጻፈችልኝ እንዳትል፣ እግሩንም አታንሳበት። እንዲያው ከራስህ እንዳመጣኸው አድርገህ፣ አባባ ማሽኑን ለገጀራና ለመጥረቢያ አድርገው፣ ለፍላጻ ግን አንተ ያስተማርከኝ ድንጋይ ይበልጣል በለው። አንተ ያስተማርከኝ የምትለዋን እንዳትረሳ። ከኔ አፍ ሲወጣ ድፍረት ነው፤ ካንተ ሲሰማው ግን ሕግ ይሆናል። ገጀራዬን የሳለው ያንተው ማሽን ነው፤ እሱ ባይኖር አባባም እኔም አንተርፍም ነበር። ስለዚህ ራስህን እንዳትበላ፣ አደራ።

እማማ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ጸሎትህን እንዳትተው ትላለች። ታናሻችን ረድኤት ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፣ ሽልማቴስ ትልሃለች። ሳህሉ ሰላም ብሎሃል፤ ካፈረ ወዲህ በደጃችን አያልፍም፣ ሰላምታውንም በሰው ነው የላከው። ጃሎን ማንጎው ሥር ቀበርነው።

አባባ ስጽፍ አይቶኝ የሰላምታ ደብዳቤ መስሎታል። ልጄን ሳሚልኝ፣ ማሽኑም እንደ ምላጭ ይስላል በይልኝ አለ። ይኸው ብያለሁ።

እህትህ ትሕትና
ቴፒ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.