ገጽ ሰባት ላይ የጎደለው ማኅተም፦ የአቶ ካሳው አስፋው የሕይወት ታሪክ

አቶ ካሳው አስፋው ከአባታቸው ከአቶ አስፋው በላይ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሬ ይመር በ1957 ዓ.ም. ከሮቢት ዝቅ ብሎ ባለ የማሽላ አገር ተወለዱ። ቀኑን እናታችን «አንበጣው የመጣ ሰሞን» ከማለት በቀር የጻፈው ሰው አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜ ልካቸውን ያልተጻፈ ነገር አላምን ያሉት ለዚህ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። እኔ ታናሽ እህታቸው አስረሳሽ ነኝ። እንባዬ እያስቸገረኝ ነው የምጽፈው፤ ቢዘበራረቅ ይቅር በሉኝ።

አንደኛ ደረጃን ሮቢት፣ ሁለተኛ ደረጃን ቆቦ ተምረው በ1978 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ደሴ ሄደው ከሠለጠኑ በኋላ ወደ ግዥ ክፍል ተዛወሩ። በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፀዲ ጌታሁን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። በ1997 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ ሰነዱ ላይ ቀን ሳይጽፍ ቢቀር «ምን አለበት፣ ይለፍ» በማለታቸው ተከሰው ስምንት ወር ከሥራ ታገዱ። ነፃ ወጥተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ግን «ይለፍ» የምትለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቶቻችን «ካሳው ሚስቱንም በጨረታ ነው ያገባት» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ጣሪያቸው የተገፈፈ አራት የቀበሌ ቤቶች ባዶ ቀሩ። የሚጠግናቸውን ሥራ ተቋራጭ በጨረታ የመምረጡ ሥራ ለወንድሜ ተሰጠ። አንዱ ቤት ከቆላ ተፈናቅለው ለመጡት ለወ/ሮ ሀጀራና ለልጃቸው ለኢቅራ በደብዳቤ ተመድቦ ነበር። እናትና ልጅ ጥገናው እስኪያልቅ ብለው በረንዳው ላይ ሸራ ወጥረው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ጨረታ ጥር 2016 ዓ.ም. ወጣ። ቢያንስ ሦስት ተወዳዳሪ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለት ብቻ መጡና ተሰረዘ። መጋቢት ላይ በድጋሚ ሲወጣ ሦስት ኤንቨሎፖች ገቡ፤ ተጫራቾቹ ባሉበትም ተከፈቱ። ከሁሉም የተሻለው የጎብዬው ግንበኛ የኑሀ ነበር። ወንድሜ ሰነዱን ገጽ በገጽ ሲገልጡ ግን ገጽ ሰባት ላይ ማኅተም የለም። ኑሀ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ «ጋሽ ካሳው፣ ይኸው፣ አሁኑኑ ልምታው» አለ። የኮሚቴው አባላትም ይምታው እንጂ አሉ። እሳቸው ሳጥን ከተከፈተ በኋላ ሰነድ አይነካም ብለው ውድቅ አደረጉት። የቀሩት ሁለቱ ከበጀቱ በላይ ስለነበሩ ያም ተሰረዘ። መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው፤ አልተሳሳቱም። እኔን የሚያንገበግበኝም አለመሳሳታቸው ነው።

ሦስተኛው ማስታወቂያ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተለጠፈ። ቀኑ ሳይሞላ ክረምቱ ገባ። ሐምሌ 19 ቀን ጣሪያ ያጣው የጭቃ ግድግዳ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ሰንብቶ ወደ በረንዳው ተደረመሰ። ወ/ሮ ሀጀራ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። ኢቅራ ሸራው ሥር ተኝታ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ወንድሜ ቃሬዛውን ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ተሸክመው ቀበሯት። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ወ/ሮ ሀጀራ ብድግ ብለው «አይዞዎት ጋሽ ካሳው፣ የአላህ ቀደር ነው» አሏቸው። ምነው በሰደቧቸው ኖሮ! በማግሥቱ የሥራ መልቀቂያ አስገቡ።

ከዚያም የግቢያቸውን ሰርቪስ ቤት አፍርሰው አርባ ቆርቆሮ በጋሪ አስጭነው፣ የሴትዮዋን ቤት ላልብስ ብለው ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ። በእሳቸው ቦታ የተተካው ልጅ፣ ራሳቸው ያስተማሩት፣ በትሕትና ተነስቶ የመንግሥት ቤት ያለ ጨረታ አይነካም፣ ስጦታም ከሆነ በደብዳቤ ይቅረብ አላቸው። ጻፉ። ደብዳቤው የሚስት ፊርማ ጎድሎታል ተብሎ ተመለሰ። ያን ቀን ቤታችን መጥተው ሳቁ፤ እንዲያ ዓይነት ሳቅ ከማንም እንዳልሰማ እለምናለሁ። ፀዲ ፈርማ እንደገና ገባ። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ከዚያ በኋላ እህል አልገባላቸው አለ። የደም ግፊታቸው ከፍ እያለ ሄዶ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ። አንደበታቸውም ተያዘ። በቀረችው በቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱን ጫን፣ ጫን ያደርጉ ነበር። ፀዲ ሐኪሙን ምን ፈልገው ነው ብላ ጠየቀችው፤ እኔ ግን ገብቶኝ ነበር፤ ማኅተም እየመቱ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 11 ቀን በስድሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና እኔን ትተው ሄዱ።

ወገኖቼ፣ ከድንኳኑ ጀርባ አጥሩን ተደግፎ የምታዩት ያ ቆርቆሮ ነው። ወ/ሮ ሀጀራ ዛሬም ከቤቱ በተረፈችው አንዲት ክፍል ሸራ ሥር ነው የሚኖሩት፤ አሁን እዚሁ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ለወንድሜ ዐርባ ድግስ አልደግስም። ኑሀ፣ መዶሻህን ይዘህ ና። ከቀብር መልስ ልብሳችንን ሳንቀይር ቆርቆሮውን ተሸክመን እንሄዳለን፤ ግድግዳውንም እናቆማለን። ማን ፈቀደ የሚል ቢመጣ አስረሳሽ በሉት።

የፈጠራቸው አምላክ የወንድሜን ነፍስ ደጁ ላይ አያቁምብኝ። መዝገባቸውን ገጽ በገጽ ሲገልጥ የጎደለውን አይቶ፣ እሳቸው ማለት የፈሩትን እሱ ይበልላቸው፤ ይለፍ።