በእኔ ስም የተሸለመው ሻይ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ አንተን፣ ባለቤትህንና ልጅህን ፔይሊንግን በደህና ያግኛችሁ። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? የታይቹንግ ከተማ አየር ሞቅ ያለ ስለሆነ እንደ ተራራችን ጭጋግ አይቆረጥምም፤ ተሽሎህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ እህል እየበላች ነው፤ ሩዟን ለስለስ አድርጌ በስኳር ድንች እሠራላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ቤተ መቅደሱ ድረስ በእግሯ ሄዳ ትጸልያለች። ላንተ ጤና እንደምትለምን ነግራኛለች፤ ለእኔ ምን እንደምትለምን ግን አልነገረችኝም።

ሦስት ወር ሙሉ አልጻፍኩልህም። ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ስድብ እየቀደመኝ ነው። ዛሬ ስድቡ ያለቀልኝ ስለመሰለኝ የሆነውን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። አንተ ከተማ ስለነበርክ ግማሹን አላየኸውም።

አባዬ በሞተ ዓመት ሥራውን ስንካፈል አንተ ገበያውን ያዝክ፣ እኔ ቅጠሉን የማምስበትን እሳት። ያን ዕለት ያልከኝን አልረሳሁትም። «አንቺ የታደልሽ ነሽ፤ እኔ ለገንዘብ ስል ከነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ፣ ላንቺ ግን ሥራሽ ራሱ ደመወዝሽ ነው» አልከኝ። አመንኩህ። እውነትም ነበረ እኮ! ቅርጫቱን ከፍሙ ላይ አንስቼ ቅጠሉን በመዳፌ ዘግኜ ሳሸተው፣ ትናንት ያልነበረ የበሰለ ፍሬ ሽታ ድንገት ሲመጣልኝ፣ ያን ሰዓት በምን እለውጠው ነበር? ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። አንተ መኪና ለወጥክ፣ ከተማ ቤት ገዛህ። አልቀናሁብህም። ሰው ሲጠይቀኝ «እሱ ለኪሱ ነው የሚሠራው፣ እኔ ለልቤ» እያልኩ እኮራ ነበር። ይህን ኩራት ማን እንደሚቀልበው አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

ጋሽ ጂያንግን፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን የሻይ ፋብሪካ ባለቤት፣ ታውቀዋለህ። በደመወዝ ሊቀጥረኝ ሦስት ጊዜ መጥቶ ለምኖኛል። በሦስተኛው «የእኔ ልብ የሚጠግበው እዚህ ነው» ስለው ከት ብሎ ስቆ፣ «ልብሽስ እሺ ጠገበ፤ ጥርስሽን ማን ያስተክልልሻል?» አለኝ። ያኔ ሁለት መንጋጋዬ ወልቆ በአንድ ወገን ነበር የማኝከው። ተናድጄ አባረርኩት። ላንተ ስነግርህ አንተም እንደ እሱ ሳቅክ።

የሻይ አምራቾች ማኅበር በየዓመቱ የተራራችንን ሻይ ወደሚያወዳድርበት ውድድር ልምጣ። ባለፈው የብርድ ወራት ዝናቡ ልክ በለቀማው ሰሞን ጣለና ቅጠሉን አበላሸው። አርባ ዓመት የለቀመችልን እትዬ ሹሚ ከላይኛው ማሳ ስትወርድ ቅርጫቷን ወርውራ፣ «ዘንድሮ እንኳን ለዳኛ ለዳክዬም የሚሰጥ የለም!» እያለች ስትራገም ሰምቻታለሁ። አንተ ግን አንድ ማለዳ የተጠቀጠቁ ጆንያዎች ጭነህ መጣህ። «ከላይኛው ማሳ ያተረፍነው ነው» አልከኝ። ቀጠልክና፣ «ዘንድሮ ያስመዘገብኩት በእኔ ስም አይደለም፣ ባንቺ ነው። ስንት ዓመት ደክመሻል፤ እስቲ ስምሽ ይታወቅ» አልክ። እንባዬን እንዳታይ ዞሬ ፍሙን አመድ ማልበስ ጀመርኩ።

ስለዚያ እሳት ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ልንገርህ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ቅጠሉ እንደ እርጥብ ድርቆሽ ሸተተኝ። ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲዘረጋም ከለመድኩት ሰፋ አለብኝ። ዝናቡ ነው፣ አልኩ። እሳቱን ዝቅ አድርጌ አሳረፍኩት፣ እንደገና መለስኩት። በሁለተኛው ቀን የሣሩ ሽታ ጠፋ፤ ግን ባዶ ሆነ፤ አባዬ «የሚናገረው የለውም» ይለው የነበረው ዓይነት። በሦስተኛው ቀን አባዬ ያላስተማረኝን ነገር አደረግሁ። ምን እንደሆነ አልጽፈውም፤ ደብዳቤው በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ስቀምሰው የላይኛው ማሳችን ጭጋግ ምላሴ ላይ ነበር። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ወንድሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሦስት መቶ በላይ ሻይ ቀርቦ አንደኛ ወጣን። ርችት ተተኮሰ። የማኅበሩ በር ላይ ስሜ በቀይ ጨርቅ ተጽፎ ተሰቀለ። እማዬ ማንበብ ባትችልም ከሥሩ ቆማ ፎቶ ተነሣች። ገዢዎች ተሻምተው ጣሳዎቹን በአንድ ሳምንት ጨረሱልህ፤ አንተም ከተማህ ገባህ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ የአባዬ ጓደኛ የነበረ። ናሙናው ተመርምሮ ከቬትናም በመርከብ የገባ ቅጠል ሆኖ ተገኘ አሉኝ። ስህተት ነው፣ ወንድሜን ጠይቁት አልኳቸው። «ጠይቀነዋል» አለ ሽማግሌው፣ ዓይኔን ማየት እያፈረ። ፈርመህ የሰጠኸውን ቃል አውጥቶ አነበበልኝ። «እኔ ሻጭ ነኝ። ቅጠሉን የምትመርጠውም የምታምሰውም እህቴ ናት፤ የተመዘገበውም በእሷ ስም ነው» ይላል። እንዲደግምልኝ ለመንኩት። ደገመልኝ። «የምትመርጠውም» የሚለው ቃል አልተለወጠም።

ስሜን ለምን እንደፈለግኸው የገባኝ ያኔ ነው። ገንዘብ ቸገረኝ ብትለኝ እሰማህ ነበር። በራስህ ስም አጭበርብረህ ብትያዝ አብሬህ አፍር ነበር። አንተ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የራበኝን ነገር ታውቅ ነበርና በእሱ አጠመድከኝ።

ጨርቁ ወረደ። ከእንግዲህ በዕድሜዬ ሁሉ መወዳደር አልችልም። ገበያ ስወጣ ዓሣ ሻጯ፣ «እሜቴ አንደኛ! ይሄም ዓሣ የቬትናም ነው፣ ልመዝንልሽ?» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችብኝ። ዓሣውን ገዝቼ ተመለስኩ፤ ምን ላድርግ?

ሰዎቹ ሊወጡ ሲሉ ሽማግሌው ቆም ብሎ፣ «አፍንጫሽ ምንም አልነገረሽም?» ብሎኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ነበር አልኩት። ጻፈው። እማዬ ግን ከጓዳ ሰምታ ኖሯል፤ ማታ ራት ስንበላ፣ «አንቺ በአሥር ዓመትሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቅጠሉ ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ትናገሪ የነበርሽ ልጅ!» አለችኝ። ሾርባሽ ይቀዘቅዛል፣ ጠጪ አልኳት።

ጋሽ ጂያንግ ለአራተኛ ጊዜ መጣ። ዘንድሮ አልለመነኝም። «ስምሽን ጣሳ ላይ አልጽፍም። ደመወዝ በየወሩ አለ፤ ከፈለግሽ ሰኞ ግቢ» አለኝ። ገባሁ፤ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ለገንዘብ ብዬ ስሠራ እጄ ይከዳኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከዳኝም። ሲኒው ውስጥ ልዩነቱን ስፈልግ ሰነበትኩ፤ የለም። ቅጠሉ ለማን ብዬ እንደማምሰው አያውቅም። አንተ ካደረግህብኝ ይልቅ አንዳንድ ቀን የሚያስለቅሰኝ ይሄ ነው። ያ ሁሉ ዓመት የልቤ ነው ያልኩት ሥራ ደመወዝም ቢኖረው እንዲሁ ያምር ነበር ማለት ነው። ደስታውን ደግሞ አልዋሽህም፣ እዚህም ብልጭ ይላል፤ እንደዚያ አራተኛ ቀን ግን አይደለም።

እማዬ የአባዬን መቃብር በምናጸዳበት በዓል ይመጣ እንደሆነ ጠይቂው ብላኛለች። ና፤ በሩ አይዘጋብህም። እኔ ማዶ ሥራ ላይ ስለምውል አንገናኝም። ፔይሊንግን ሳምልኝ። ጉልበትህን ይማርልህ፣ ቤትህን ሰላም ያድርግልህ፣ የአባዬ መንፈስ ይጠብቅህ። ይህን ስመርቅህ ከአንገት በላይ አይደለም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እዚህ የተሸጠውን ጣሳ ሁሉ ማኅበሩ ከገዢዎች መልሶ ሰብስቦ ሻዩን አቃጥሎታል። አንተ ዘንድ ምናልባት አንድ እንኳ ቀርቶ እንደሆነ ላክልኝ። ለክስ አይደለም፣ ለማንም አላሳየውም። አንድ ሲኒ ብቻ ልቅመሰው።

ታናሽ እህትህ