መንገዱ ካበቃበት በታች

ኅዳር 4፣ 2006
መካነ ሰላም በአምቡላንስ አጃቢነት ከተመደብኩ ዘጠነኛ ቀኔ። ዛሬም ጥሪ የለም። ቦርሳዬን ፈትቼ ደግሜ ደረደርኩ... ግሉኮስ፣ ፋሻ፣ የደም ግፊት መለኪያ። የአምቡላንሱ ሾፌር ጋሽ አባተ ይስቅብኛል። «ሙሽራም ሻንጣዋን እንዲህ አታሰናዳም። ሥራው መጫንና ማድረስ ነው፣ በቃ።»
እኔ ግን ለመጫን ነው እንዴ የተማርኩት? ሕክምናው ሰው ከወደቀበት ቦታ እንዲጀመር ነው እንጂ...

ኅዳር 11
ውርጭ። ጥሪ የለም።

ኅዳር 19
ከወግዲ ወዲያ ተደወለ። ሀምዱ የሚባል ሰው ነው። ሚስቱ ዘሊካ ንጋት ላይ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድራቸው፣ በቃሬዛ ይዟት እየወጣ ነው አለ። መንገዱ ካበቃበት ደረስን። ከዚያ በታች ገደል። ቦርሳዬን አንግቼ ልወርድ ስል ጋሽ አባተ ከለከለኝ። «ከመኪናው አትራቁ ተብሏል። አቋራጩ ብዙ ነው፣ ብትተላለፉስ?»
ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት... ሁለት... አንድ ሰው ብቻውን ወጣ።
«አትድከሙ። አልፋለች፤ ቅሬው መልሷታል።»
ባዶ መኪና ይዘን ተመለስን።

ኅዳር 22
ለቅሶ ደረስኩ። ሀምዱ ጨቅላዋን ለእህቱ አስታቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ።
«ዳገቱ ወገብ ላይ ዝም አለችን። ብንጠራት የለችም። ሽማግሌዎቹ ኢናሊላሂ አሉ፣ ቃሬዛውን አዞርነው። ሬሳ ሀኪም ቤት ምን ይሠራል?»
ወደ ጨቅላዋ ዞረ።
«ቤት ስናሳርፋት ውሃ ጠየቀች።»
«ከዚያስ?»
«ጠጣች። ልጇን አየች። መልሰን ልናነሳት ስንል... አለቀች።»
ራሷን ስታ ነበር እንጂ አልሞተችም። ወርጄ ቢሆን የልብ ትርታዋን በጣቴ አገኘው ነበር። ይህን አልነገርኩትም። እንዴት ይነገራል? ግን ያውቀዋል። ውሃውን ያጠጣት እሱ ነው።

ታኅሣሥ 2
የአምቡላንስ ኃላፊውን ወደ ገደሉ እንድወርድ ይፈቀድልኝ አልኩት። «አንቺ አጃቢ ነሽ፣ ሀኪም አይደለሽም» አለኝ። ብወርድስ ምን ያደርገኛል?

ታኅሣሥ 9
ከዚያው ሰፈር። ከጣሪያ የወደቁ አዛውንት። መንገዱ ካበቃበት ስንደርስ ጋሽ አባተ ሞተሩን አጠፋ። «ውረጂ» አለኝ።
ቅሬውን ዳገቱ ላይ አገኘሁት። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ሀምዱ ነው። አዛውንቱ አይንቀሳቀሱም። አንዱ ኢናሊላሂ ብሎ ሲጀምር ሀምዱ አቋረጠው። «ዝም በል። መጀመሪያ እሷ ትያቸው።»
ጣቴን አንገታቸው ላይ አሳረፍኩ። ሁሉም ቆሙ።
«አሉ» አልኩ።
ግሉኮሱን ሰካሁ። ከፍ አድርጎ የሚይዝልኝ ስፈልግ ሀምዱ ቃሬዛውን ለሌላ ሰጥቶ እጁን ዘረጋ። እስከ መኪናው እንዳንጠለጠለው ወጣ። አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም።