ዝም በማለቱ የተፈረደበት የጓሮ ፓምፕ

ለተከበሩ የውሃ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካላትዎ፣ በተለይም ለጆሮዎ፣ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ጉልበቴን ሳይጨምር፣ ደህና ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ በመስኮት ቁጥር አራት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ተመቻችተው ስለተኙ፣ እነሱን ከመቀስቀስ ይሻላል ብዬ ነው።

ጉዳዩ የጓሮዬን ዘጠኝ የሎሚ ዛፎች የሚያጠጣው ፓምፕ ነው። ዛፎቹን የተከለቻቸው ባለቤቴ ናት፤ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ የቀራት ደስታ እነሱን በመስኮት ማየት ነው። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ጎረቤቴ «ፓምፑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል» ብሎ ሲከሰኝ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ድምፁን እንዳጠፋ በማኅተም ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ እውነቱን ነው፤ እንግዳ አልሄድ ሲለኝ ሆን ብዬ እከፍተው ነበር።

2. እንዲጠግኑ የጠራኋቸው ባለሙያዎ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ባለመምጣታቸው የቦዘነ እጄ ስለተፍታታ አመሰግናለሁ። አርባ ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን የኖርኩ ነኝና ፈታሁት። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቶ፣ ኳሶቹ እንደኔ ጥርስ ይንቀጫቀጩ ነበር። በአዲስ ቀየርኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ ከሥሩ ያረጀ የመኪና ጎማ ቆርጬ አነጠፍኩለት። ስከፍተው እንኳን ጎረቤት እኔም አልሰማሁት፤ መሥራቱን ያወቅሁት ውሃው ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ነው።

3. በአሥራ አምስተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎ መጡ። ከውጭ በር ላይ ቆመው፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው አስደግፈው አዳመጡ። ምንም የለም። «ፓምፑ አይሠራም» ብለው ጻፉ። ኧረ እየሠራ ነው፣ ይግቡና እጅዎን ያሳርፉበት ብላቸው፣ «አባባ፣ የታዘዝኩት እንዳዳምጥ እንጂ እንድዳስስ አይደለም» አሉኝ። የማይሠራ ፓምፕ ውሃ አያስፈልገውምና የጓሮው መስመር በማግሥቱ ተቆረጠ። ለመጠገን ያልተገኙት ባለሙያ ለመቁረጥ በጠዋት ስለደረሱ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል።

4. መስመሩ እንዲቀጠል ፓምፑ እንደሚሠራ ማረጋገጫ አምጣ ተባልኩ። ያለ ውሃ እንዴት ይሠራል ብል፣ እንግዲያው ጎረቤትህ ድምፁን መስማቱን በጽሑፍ ይመስክር አሉኝ። ያ ከሳሼ ሊረዳኝ ብዕር ካነሳ በኋላ፣ ያልሰማሁትን እንዴት ሰማሁ ልበል ብሎ መልሶ አስቀመጠው። በሰፈራችን አንድ የማይዋሽ ሰው ቢኖር እሱ ሆኖ ተገኘ፤ እድሌን ይመልከቱልኝ!

ውሃው ከተቆረጠ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው። ከቤት በባልዲ አመላልሳለሁ፤ ጉልበቴ የሚችለው ግን ለሁለት ዛፍ የሚሆነውን ብቻ ነው። ሰባቱ ቅጠላቸው እየረገፈ ነው። ባለቤቴ እንዳታይ መጋረጃውን ልዝጋ ስል እጄን ትይዘኛለች። እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ወደፊት ለሚያደርጉልኝም ሁሉ ከወዲሁ እጅ እየነሳሁ፣ በፍጹም ትሕትናና ታዛዥነት፣

ጥፋቱ የታዘዘውን መፈጸም የሆነ አንድ ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ መናገር አትችልም። ተቆጣጣሪዎ ዳግም ቢመጡ ከበር ላይ አዳምጠው «የለችም» ብለው እንዳይጽፉባት አደራ። ገብተው ይዩአት፤ አለች።